ለደላላ ስንከፍል ለዒልም የምንሰስተው እስከ መቼ ነው?



ከላሊበላ ከተማ ሽቅብ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው የእግርና የበቅሎ መንገድ ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ይህ ገዳም የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ነው፤ የነሱን ለነሱ እተዋለሁ። እኔ የምናገረው ስለ መንገዱ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ከተመዘገቡ ወዲህ፣ አገር ሰላም በሆነባቸው ዓመታት፣ በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ወጣቶች አብረው ሲወጡ ይታዩ ነበር። አንደኛው ከሩቅ አገር የመጣ፣ ደብተርና ካሜራ የያዘ ነው። ሁለተኛው የላስታ ልጅ ነው፤ በቅሎ ይስባል፣ ዕቃ ይሸከማል። አንደኛው ያየውንና የጠየቀውን ጽፎ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ይቀበልበታል። ሁለተኛው የድካሙን ዋጋ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ያ እንግዳ ጥፋተኛ ነው አልልም። ዒልም ፈልጎ ከአገሩ መውጣቱ የሚያስመሰግነው ነው። ጥያቄው ለኛ ነው። ዒልም ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ መሄድ የሙስሊሞች ወግ ሆኖ ሳለ፣ የኛ ልጆች ዲግሪያቸውን በሳጥን ቆልፈው ለምን ይቀመጣሉ? ወይም ደግሞ ዲግሪያቸውን ትተው በደላላ እጅ ለምን በረሃ ያቋርጣሉ?

ይህን የምጽፈው ዲግሪ ኖሮኝ አይደለም፤ ትምህርቴ መድረሳና ሁለተኛ ደረጃ ነው። ነገር ግን ያስተማርናቸው ልጆች ወልድያ፣ ደሴና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተመርቀው ሲመለሱ እናያለን። ከዚያ በኋላ የሚሆነውንም እናያለን። ወጣቱ «ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ላመልክት ነው» ሲል ቤቱ ሁሉ ይቃወመዋል። «አረብ አገር ልሂድ» ሲል ግን በሬ ይሸጥለታል። ይህ ሚዛን የተዛባ ነው! ስለዚህም የሚቀርቡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

መንገድ መውጣት የኛው ወግ ነው

ብዙ ሰው «እስከ ቻይናም ቢሆን ሄዳችሁ ተማሩ» የሚለውን አባባል ሐዲስ ነው እያለ ይጠቅሳል። የሐዲስ ሊቃውንት ሰነዱ ደካማ መሆኑን ተናግረዋል፤ እኛም አንደገፍበትም። ደግሞስ ምን አስቸገረን? የአላህ ነቢይ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከርሳቸው ዘንድ የሌለ ዕውቀት ያለው ባሪያ መኖሩን ሲያውቁ ስንቅ ይዘው፣ እስኪደክማቸው ተጉዘው፣ ተማሪ ልሁን ብለው በትሕትና መጠየቃቸውን በሱረቱል ከህፍ እናነባለን። ሶሓባው ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንድ ሐዲስ ብቻ ለመስማት ግመል ገዝተው የአንድ ወር መንገድ ወደ ሻም ሄደዋል። አንዲት ሐዲስ ለማግኘት አንድ ወር!

ከኛው ቀንድ የወጡትንም እንቁጠር። ከዘይላ ወደ ካይሮ ሄደው ትላልቅ የፊቅህና የሐዲስ ኪታቦችን የጻፉት ፈኽሩዲን አዝ-ዘይለዒ በ743 ሒጅራ፣ ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ ደግሞ በ762 ሒጅራ እዚያው አርፈዋል። በአል-አዝሀር ውስጥ ከኛ አካባቢ ለሚሄዱ ደረሶች «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል የራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብጽን ሲወር በዓይኑ ያየውን የጻፈው ታላቁ የታሪክ ሰው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚህ ወገን ነው። የዛሬ ሰው «ኢንተርናሽናል ተማሪ» የሚለውን ነገር አባቶቻችን ስሙ ሳይወጣለት ኖረውበታል።

ወሎ ውስጥስ ቢሆን ደረሳ አገሩን ሳይለቅ ዓሊም የሆነው መቼ ነው? ፊቅህን ከአንዱ ሸኽ፣ ነሕውን ከሌላው፣ ተፍሲርን ከሦስተኛው ለመቅራት ከየጁ ወደ ራያ፣ ከራያ ወደ ቃሉ ይሄድ ነበር። ወላጆቹም «ልጃችን ጠፋ» አላሉም፤ ዱዓ አድርገው ሸኙት። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሸኽ ሙሐመድ ዐሊ አደም አል-ኢትዮጵያዊ አል-ወለዊ አሉ። በአገራቸው ከአባታቸውና ከሌሎች ሸኾች ቀርተው ወደ መካ ተሻገሩ፤ እዚያም በዳሩል ሐዲስ አስተማሩ። የነሳኢን ሱነን ያብራሩበት ሥራቸው 40 ያህል ቅጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መካ ላይ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

«እነዚህ የዲን ዒልም ፈልገው ነው፤ የዛሬው ልጅ የሚሄደው ለምህንድስና ነው» የሚል ይኖራል። መልሱ ከዑለሞቻችን የቆየ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋል፤ ማለትም ከመካከላችን የሚያውቀው ከጠፋ ሁላችንም ተጠያቂዎች ነን። የላስታ ሴት በምጥ ተይዛ ሐኪም ስታጣ፣ የገበሬው መሬት በጎርፍ ተጠርጎ ሲያልቅ፣ ይህን የሚያጠና ልጅ አለማስተማራችን ዱንያዊ ጉዳይ ብቻ ነውን?

«ልጄ ዲኑን ይጥላል»

ይህ የብዙ ወላጅ ሥጋት ነው፤ ከእውነተኛ ፍቅር የሚመነጭ ስለሆነ አንንቀውም። ነገር ግን ከሌላው ሙስሊም ሁሉ ይልቅ ይህን ማለት የማይገባን እኛ ነን። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የተሰደዱት ወዴት ነው? ወደ ሐበሻ አይደለምን? ክርስቲያን ንጉሥ ባለበት አገር፣ ፍትሕ አለ ተብሎ ተላኩ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) እስከ 7ኛው ዓመተ ሒጅራ ቆዩ፤ ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) እዚሁ ሐበሻ ምድር ልጅ ወለዱ፣ አሳደጉ። ዲናቸውን ጥለው ተመለሱን? በክብር ጠብቀው ተመለሱ እንጂ!

ደግሞም የላስታን ሙስሊም ተመልከቱ። እኛ በዚህ አካባቢ ጥቂቶች ነን። ልጆቻችን የአሸተን ተራራ ከፊታቸው ቆሞ፣ የቅዳሴ ድምፅ ከአዛን ጋር እየሰሙ፣ ከክርስቲያን ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው አድገዋል። ከጎረቤት ጋር በፍቅር ኖረዋል፤ ሰላታቸውንም ሰግደዋል፤ ጾማቸውንም ጾመዋል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ልጅ ቡዳፔስት ወይም አንካራ ሲገባ ዲኑን የሚጥለው ስለ ምን ነው? የሚጥለው ቢኖር ቤት ሳለ ያልያዘውን ነው። ሥጋት ያለው ወላጅ ልጁን ከመንገድ ከማስቀረት ይልቅ ከመንገዱ በፊት ሰላቱን፣ ሐላልና ሐራሙን፣ ከሚያልፍ ሰው ጋር እንዴት እንደሚከራከር አስተምሮ ይስደደው። በየትልልቁ ከተማ መስጊድና የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር አለ። ልጃችሁ በደረሰ በመጀመሪያው ጁሙዓ እዚያ መገኘቱን ጠይቁት።

ለሴት ልጅስ?

እዚህ ላይ ግልጽ መነጋገር አለብን። ሴት ልጅ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታ ስትመጣ «መሕረም የላትም» ይባላል። የመሕረም ጉዳይ እውነተኛ የፊቅህ ጉዳይ ነው፤ ቀላል አድርጌ አላየውም። ሴት ልጅ ያለ መሕረም ስለምትጓዝበት ሁኔታ፣ መንገዱ አስተማማኝ ሲሆንና የታመኑ ሴቶች አብረዋት ሲኖሩ ምን እንደሚባል፣ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት አላቸው። የልጅቱን ጉዳይ በዝርዝር ይዞ የሚታመን ዓሊም ዘንድ ሄዶ መጠየቅ የወላጅ ግዴታ ነው። የተባለውንም መቀበል ነው።

እኔ የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ለትምህርት የተነሣው ይህ መሕረም፣ ልጅቱ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት ስትላክ የት ሄደ? ያን ጊዜ ማን ጠየቀ? በማታውቀው ሰው ቤት፣ በር ተቆልፎባት፣ ፓስፖርቷን አሠሪው ይዞባት ዓመታት ስትቀመጥ መሕረሟ ማን ነበር? በረሃውን በደላላ ስታቋርጥስ? የአላህን ሕግ ዕውቀትን ለመከልከል አስታውሰን ብርን ለመቀበል መርሳት ሕጉን ማክበር አይደለም። በሕጉ መጫወት ነው። አባት ሆይ! ይህ ንግግር ከከበዳችሁ ክብደቱ ከእውነትነቱ ነው።

የበሬው ሒሳብ

«ማስተርስ ምን ያደርጋል? ብር ነው የሚያስፈልገው» የሚለው ሦስተኛው ምክንያት ነው። የተራበ ቤት ይህን ቢል አይፈረድበትም። ኮሮና በ2012 ዓ.ም.፣ ጦርነቱም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ላሊበላን ካገኟት ወዲህ በእንግዳ ይኖር የነበረ ስንት ቤት እንደ ተዘጋ እናውቃለን። ነገር ግን ሒሳቡን በትክክል እናስላ።

ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መልሳለች። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነው የወረዱት። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መገደላቸውን ገልጿል። ከኦቦክ ተነሥተው ባሕር የበላቸውን ማን ቆጠራቸው? ለዚህ መንገድ ነው በሬ የሚሸጠው፣ የእናት ወርቅ የሚወጣው፣ ገንዘብ በብድር የሚፈለገው።

የትምህርት ማመልከቻስ ምን ይጠይቃል? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የወጪ መጋራት ውል አለበት፤ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕቱን ለማግኘት ያንን መጨረስ ይኖርበታል። ሰነዱን ማረጋገጥ፣ ፓስፖርት ማውጣት፣ የቋንቋ ፈተና መቀመጥ ገንዘብ ያስወጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን ለደላላ ከሚከፈለው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሙሉ የነጻ ትምህርት ዕድል ደግሞ የትምህርቱን ክፍያና የወር መተዳደሪያን ይሸፍናል፤ ብዙዎቹ የአውሮፕላን ቲኬትም ይጨምራሉ። በወለድ የተማሪ ብድር ውስጥ ገብቶ ሪባ ከመብላት የሚያድነውም ይኸው ነው። ስለዚህ በሩን ከሙሉ የነጻ ትምህርት እንጀምር።

በሩም አንድ ብቻ አይደለም። የቱርክ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል ብዙ ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ድረስ ማመልከቻ ይቀበላል፤ ለማስተርስ አመልካቹ ከ30 ዓመት በታች እንዲሆን ይጠይቃል፤ የማመልከቻ ክፍያ የለውም። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ያስተማረውንም ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ እንዲቆይ ያስገድዳል። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የጀርመኑ ዳድ፣ የሃንጋሪና የቻይና መንግሥታት ዕድሎች አሉ። የእስላማዊ ልማት ባንክም እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው፣ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች የታሰበ የትምህርት ዕድል ፕሮግራም አለው። ኢትዮጵያ ከነዚህ አባል ያልሆኑ አገሮች አንዷ ናት። ይህን ስንቶቻችን ሰምተናል? የደላላውን ስልክ ቁጥር ግን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል!

ወጣቶች ሆይ! እናንተም ስሙ

ወላጅን ብቻ ወቅሼ ብተው ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ከናንተም ውስጥ የነጻ ትምህርትን በነጻ የሚታደል ዕጣ አድርጎ የሚያይ አለ። ማስታወቂያው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ትራንስክሪፕት ፍለጋ ወልድያ የሚሮጥ አለ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶች። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተቋረጠው ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ዝግ ሆኖ የስንቱን ቀጠሮ እንዳሳለፈ አልረሳሁም፤ ይህ ከአቅማችሁ በላይ ነበር። ይልቁንም ለዚያ ነው አስቀድሞ መዘጋጀት የሚያስፈልገው። ወረቀቱን አንድ ዓመት ቀድሞ ያዘጋጀ ሰው፣ መስመር በተከፈተ ቀን ያስገባል።

ከምን ይጀመራል? ከስማችሁ ጀምሩ። ሙሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ኤም፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤም፣ አንዱ ጋ በኦ፣ ሌላው ጋ በዩ ተጽፎ ይገኛል። የፈተና ሰርተፊኬቱ፣ ዲግሪውና ፓስፖርቱ ካልተስማሙ የውጭው ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሰው አድርጎ ያያችኋል። ይህን በጊዜ በሕግ አስተካክሉ። ቀጥሎ ቋንቋ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ) የአይሁድን ጽሕፈት እንዲማር አዘውት በጥቂት ቀናት ተማረው። ቋንቋ መማር ለሙስሊም ነውር ሆኖ አያውቅም፤ እንግሊዝኛችሁን የምትሠሩት ለፈተናው ብቻ ሳይሆን እዚያ ቁማችሁ ልትናገሩበት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አትዋሹ። በየከተማው «ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚሉ፣ የሥራ ልምድ የሚፈጥሩ፣ የባንክ ሒሳብ ለአንድ ሳምንት የሚያሳብጡ ሰዎች ተነሥተዋል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒውተር ሥራ፣ ልጁ ያልኖረውን ሕይወት በሚያምር እንግሊዝኛ ይጽፍለታል። ማታለል ሐራም ነው፤ የሚታለለው ሙስሊም ባይሆንም ሐራም ነው። ጥቅሙም አያዛልቅም። ቪዛ ሰጪው ወይም መምህሩ ፊት ለፊት ሲጠይቃችሁ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል»። በውሸት ወረቀት የተያዘ አንድ ልጅ ደግሞ ከሱ በኋላ የሚያመለክቱትን የአገሩን ልጆች ሁሉ በር ይዘጋል። ይህ በወንድሞቻችሁ ሐቅ ላይ መረማመድ ነው። ለመላኪያችሁ የላስታን ኑሮ በራሳችሁ ቃል ጻፉት፤ የውሃውን ችግር፣ የመሬቱን መራቆት፣ የገበያውን ነገር። ይህን ከናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እኛ መምህራንም ከዚህ አናመልጥም። ልጆች የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁ ያለ ስስት እንጻፍላቸው። የመዲና እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ተዝኪያም ሆነ የሌላው ዓለም የምስክርነት ደብዳቤ፣ ሁለቱም ሸሃዳ ናቸው። ለማናውቀው ልጅ «ጎበዝ ነው» ብሎ መፈረም የሐሰት ምስክርነት ነው። የምናውቀውን ጎበዝ በምቀኝነት ወይም በስንፍና ማጉላላትም በደል ነው።

«ሄዶ አይመለስም»

የመጨረሻው ምክንያት ይህ ነው፤ እውነትም አለበት። ሄደው የቀሩ ብዙ ናቸው። ግን አንድ ሰው ላስታውሳችሁ። ስለ ኢትዮጵያ እስልምና ሲጠየቅ ለረጅም ጊዜ ቀድሞ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመው የትሪሚንግሃም መጽሐፍ ነበር። ጸሐፊው እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ ናቸው። የኛን ሸኾች፣ የኛን ቀዬ፣ ሌላ ሰው ነበር የሚተርክልን። ከዚያ በኋላ ሑሴን አሕመድ የሚባል ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ወደ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ያጠናው ስለ እንግሊዝ አልነበረም። ስለ ወሎ እስልምና፣ ስለ ሸኾቹ፣ ስለ ነጋዴዎቹና ስለ ሹማምንቱ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1985 ዶክትሬቱን ተቀበለ። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር፤ እቀራለሁ ቢል ምክንያት አያጣም ነበር። እርሱ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እያስተማረ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአስራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ስለ ነበረው የወሎ እስልምና የጻፈውን መጽሐፍ ላይደን ላይ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 እስኪሞት ድረስም በዚሁ ሥራ ላይ ነበር። ዛሬ በየትኛውም ዓለም ስለ ወሎ ሸኾች የሚጽፍ ሰው የፕሮፌሰር ሑሴንን ስም ሳይጠቅስ አያልፍም። አንድ ሰው በመላኩ የአንድ አገር ሙስሊሞች ታሪክ ከመረሳት ዳነ።

ልጅ እንዲመለስ ከፈለግን የሚመለስበትን ነገር በልቡ ይዞ እንዲሄድ እናድርግ። «ሂድና ብር ላክ» ተብሎ የተሸኘ ልጅ ብር ይልካል፤ እርሱ ግን አይመጣም። «ይህን ተምረህ ይህን ችግራችንን ፍታልን» ተብሎ በአማና የተሸኘ ልጅ ግን አማናው ያሳስበዋል። ባይመለስ እንኳ የሚያስብለትን ቀዬ አይረሳም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የመስጊድ ጀመዓዎች ሆይ! በዓመት አንድ ምሩቅ ምረጡ፤ ወንድም ይሁን ሴት፣ ቤቱ የደኸየ ቢሆን ይመረጣል። የወጪ መጋራቱን፣ የሰነድ ማረጋገጫውን፣ የቋንቋ ፈተናውን ክፍያ በሰደቃ ሸፍኑለት። በየሠርጋችን ለአንድ ቀን ድግስ ከምናወጣው ጥቂቱ ይበቃል። ነጋዴዎች ሆይ! አዲስ አበባ ስትወርዱ የልጁን ወረቀት ይዛችሁ ውረዱ፤ ከላስታ አዲስ አበባ ተመላልሶ አንዲት ማኅተም ማስመታት ለደሃ ልጅ ከባድ ነው። እናቶች ሆይ! ልጃችሁ ሌሊት መብራት አብርታ ስታነብ «ተኚ» አትበሏት፤ ዱዓ አድርጉላት። አባቶች ሆይ! ደላላ ቤታችሁ ሲመጣ የምታቀርቡለትን ወንበር፣ ልጃችሁ ማመልከቻ ይዞ ሲመጣ አቅርቡለት፤ ጠይቁት፤ አስረዳን በሉት።

አንድ ልጅ አመልክቶ ቢከለከልስ? ይከለከላል፤ ብዙዎች በመጀመሪያው ዓመት ይከለከላሉ። በሁለተኛው ዓመት የተሻለ ጽፎ ያመለክታል። ከማመልከቻ የተመለሰ ልጅ ቤቱ ነው፤ ትራንስክሪፕቱም በእጁ ነው። ከባሕሩ ግን የሚመለስ የለም።

አላህ ለልጆቻችን የሚጠቅም ዒልም፣ ለኛም የሚያስተውል ልብ ይስጠን። ያላግባብ የያዝነውን ሚዛን ያስተካክልልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።